ከሐምሌ ባሕር በታች

ሐምሌ 3፣ ጧት 2 ሰዓት

ውኃ ዛሬም የለም። ሦስተኛ ቀኑ። ከታች ሁለት ጄሪካን ይዤ ወጣሁ፣ አንዱ ግማሽ ነው። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ በእኔ ጉልበት።

ሰሎሜ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታለች። የልጄ የማርታ ልጅ ናት። እናቷ ድሬዳዋ ትሠራለች፤ እሷ እኔ ዘንድ ሆና ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የምታጠናው ባሕር ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ውኃ በሌለው ቤት። ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀች። «ሳተላይት አለ እኮ እማማ» አለችኝ። ፊት ለመታጠብም ይሆን እንደሆነ ጠየቅኳት።

ሐምሌ 4፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ዝናብ። በረንዳው ላይ ያሰጣሁት ልብስ ሁሉ ራሰ።

መነጽሬን አድርጌ ስክሪኗን አየሁ። ካርታ ነው። የምታጠናው ቀይ ባሕርን መሆኑን አውቅ ነበር። ቀይ ባሕር ረጅም ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ። ዛሬ አንዷን ነጥብ በጣቷ አሳየችኝና አሰብ ናት አለች። ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

ሐምሌ 6፣ ማታ 12 ሰዓት

ሰሎሜ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆና ገባች። የት ነበርሽ አልኳት። ቦሌ ቡልቡላ። ዱሮ አሰብ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ሽማግሌዎችን እየፈለገች ለጥናቷ ቃላቸውን ትቀዳለች። አምስተኛው ዘውዱ ነው። የባሌ የኃይሉ ታናሽ ወንድም። ማን እንደሆነ እያወቀች ነው የሄደችው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊቱን ላለማየት ስሸሽ ኖሬ፣ እሷ የድምፅ መቅጃ ይዛ ቤቱ ትቀመጣለች።

«ኩላሊቱን ታሟል እማማ። ቀና ማለት አይችልም። ግን ያወራል።»

ማውራትማ ዱሮም ይችልበታል አልኳት።

«ስለ ባሕሩ ቅዝቃዜ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።»

እራቴን ትቼ ገባሁ።

ሐምሌ 7፣ ጧት

ደብተሬ፣ ይህን ጽፌልህ አላውቅም። የሆነው ፊደል ሳልቆጥር ስለሆነ ይሆናል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በወረዳው የጎልማሶች ክፍል። ይህ ሲሆን ሠላሳ አልሞላኝም ነበር።

አሰብ። ሐምሌ። ኃይሉና ዘውዱ ወደብ ላይ ይሠራሉ፣ እሑድ እሑድ በተዋሷት ጀልባ ዓሣ ያጠምዳሉ። በዚያ እሑድ ከደሴቶቹ ማዶ ሄዱ። መልሕቁ ከድንጋይ ሥር ተያዘ። ኃይሉ ገመዱን ተከትሎ ጠለቀ። አልወጣም። ዘውዱ ብቻውን ተመለሰ።

እንዲህ አለ። ወንድሙ ሲቆይበት እሱም ጠለቀ። ታች ሲደርስ ውኃው በአንድ ጊዜ በረዶ ሆነበት፣ ትንፋሹ ተቆረጠ፣ እጁም እግሩም አልታዘዝ አሉት። ወጣ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ያው ሆነ።

በረዶ። በሐምሌ። በአሰብ። እዚያ የኖረ ያውቀዋል፤ ሰው ከቤቱ ሸሽቶ ደጅ የሚያድርበት፣ ባሕሩ እግር የሚፈጅበት ወር ነው። ፈርቶ ሳይወርድ ቀርቷል አልኩ። ወርዶም ከሆነ ጥሎት ወጥቷል አልኩ። ለፖሊስ እንዲህ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ ጸሐፊው ጻፈ፣ እኔ አውራ ጣቴን አተምኩ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች በለቅሶው ድንኳን አስቀመጡን። ዘውዱ ይማል አሉ። እኔ ባልዲ ይዤ ዳርቻው ድረስ ሄድኩና ከባሕሩ ቀዳሁ። አምጥቼ መካከላቸው አስቀመጥኩት። እጃችሁን ክተቱ አልኳቸው። አንድ በአንድ ከተቱ። ሙቅ ነው። ዘውዱ ሳይምል ተነሥቶ ወጣ፣ በወሩ ከተማውን ለቀቀ። ኋላ ሁላችንም ለቀቅን፤ ወሬው ግን ከእኛ ጋር አዲስ አበባ ገባ። ወንድሙን ጥሎ የመጣው ዘውዱ። በየሠርጉ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞርኩ።

የጻፍኩትን አነበብኩት። እጄ ደክሟል።

ሐምሌ 9፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

ሁለት ቀን ዘጋኋት። ዛሬ ላፕቶፑን አምጥታ ገበታው ላይ ከፈተችው። «አትመልሺልኝ፣ ስሚኝ ብቻ» አለች። ቁርጥ እናቷን።

እንደገባኝ ልጻፈው። ቀይ ባሕር በደቡብ በኩል ጠባብ በር አለው፣ ባብ ኤል መንደብ። ከበሩ ማዶ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያ ወዲያ ውቅያኖሱ። በበጋ ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ የማዶውን ውኃ በላይ በላዩ ገፍቶ በበሩ ያስገባል። ክረምት ሲሆን ነፋሱ ይዞራል። ከሰሜን ይነፍስና የላዩን ሙቅ ውኃ ወደ ውጭ ይገፋል። ያን ጊዜ በዚያው በር፣ ከሥር፣ የማዶው ቀዝቃዛ ውኃ ይገባል። ሙቁ ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ ቶሎ አይቀላቀሉም። በዳርቻው ሥር ሥር ወደ ሰሜን ይሳባል። መስከረም ካለፈ በኋላ ነፋሱ ሲመለስ ይጠፋል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ሳተላይት የሚያየው የላዩን ብቻ ነው፤ የታቹን ያወቁት ከመርከብ መለኪያ እያወረዱ ነው።

ሁለት ውኃ። እኔ የቀዳሁት አንዱን ነው።

እውነቱን ነበር ማለት ነው? ጠየቅኳት። እንዲያ አላለችም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ ቀዝቃዛው ሰው እስከሚጠልቅበት ድረስ ከፍ ብሎ እንደነበር የሚያረጋግጥ የለም አለች። ሊሆን ግን ይችላል። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም በክረምት መረብ ከታች ሲሳብ እጅ እንደሚያቀዘቅዝ ነግረዋታል።

ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ «ሊሆን ይችላል» ትለኛለች። ተቆጣሁ። ቆይቼ ሳስበው፣ እኔ ምንም ሳልማር ነው አይሆንም ያልኩት።

ሐምሌ 10፣ ጧት

ውኃ መጣ። ዕቃ አጠብኩ። ወለል አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ሕግ ብትማር ምን ነበረበት ይቺ ልጅ?

ዘውዱ ወርዶ ከነበረ እኔ በማን ልናደድ? በኃይሉ፣ ገመዱን ቆርጦ መልሕቁን ባለመተዉ? በነፋስ? ሰው ላይ ሲሆን ይቀላል። ሰው ስም አለው፣ ቤት አለው፣ ሠርግ ላይ ይገኛል።

ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 12፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ከቡልቡላ አሁን ገባሁ። እግሬ አብጧል።

ሰሎሜ ይዛኝ ሄደች፣ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር። ኩላሊት ለታመመ ብርቱካን አይሰጥም አለችኝ፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት ሰጠኋት። ሴትየዋ ግራ ገባት፣ ግን ተቀበለች።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ የሺ ናት። አየችኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ግቡ አለችን። ዘውዱ ሳሎን አልጋ ተዘርግቶለት ተኝቷል። አንሷል። ግንባሩ የኃይሉ ግንባር ነው፣ አርጅቶ። ኃይሉ ያላረጀውን እሱ አርጅቶለታል።

«እት አበባ» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም።

ያሰብኩት ብዙ ነበር፣ ያልኩት አጭር ነው። ወርደህ እንደነበር አምኛለሁ አልኩት።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ» አለ። «እኔማ ነበርኩበት።»

ንዴት የለበትም። ዝም ብሎ የሆነውን እንደሚናገር ሰው ነው። ይቅር በለኝ አልኩት። ከድሮም ይቅር ብዬሻለሁ አለ። የሺ ግን ቆማ እንዳለች ተናገረች፤ ልጃቸው ሊያገባ ሲል ከአሰብ ሰዎች አንድም ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድለት እንዳልፈቀደ፣ ከሥራ ቦታው ሰው ለምነው እንደላኩ። ይህን አላውቅም ነበር።

አውቅ ነበር። ደብተሬ፣ አንተን እንኳ ልዋሽህ? ሰምቼ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ዘውዱ ሰሎሜን ባሕር አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። «እኔ ገብቼበት ወጥቼ ያመነኝ የለም፤ አንቺ አያት ተቀምጠሽ ታመንሽ!»

የሺም ሳቀች። እኔም፣ ሳላስበው።

ስንወጣ እጁን ሳምኩት። ታናሼ ነው።

ሐምሌ 14፣ ቀትር

በወር አንድ ጊዜ፣ እሑድ፣ ከአሰብ የመጣን ሰዎች ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በኪራይ አዳራሽ እንሰበሰባለን። እኔ ከሄድኩ ቆይቻለሁ፤ ከነገ ወዲያ ግን እዚያ ቆሜ በዘውዱ ላይ ያልኩትን ቃል እመልሳለሁ። በዚያ ድንኳን እጃቸውን ከከተቱት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ይመጣሉ አሉኝ። የሌሎቹን ምን ላድርግ? እንደዚያው አምነው ተቀብረዋል።

ሰሎሜ ካርታዋን ይዛ ላስረዳ አለች። አይሆንም አልኳት። በስክሪን የተናገርኩት ነገር አይደለም።

ማርታ ከድሬዳዋ ደወለች። ልጅቷ ነግራታለች። እማዬ፣ መሣቂያ ትሆኛለሽ፣ በሌለ ማስረጃ በአደባባይ ራስሽን ታዋርጃለሽ አለች። መጀመሪያም በሌለ ማስረጃ ነው አልኳት። ዘጋችብኝ። መልሳ ደወለች። አባቷን አታስታውሰውም፤ የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ሞት ብቻ ነው። ለእሷም ሌላ ሞት መንገር አለብኝ ማለት ነው። ያለ ጠላት።

ሐምሌ 16፣ እሑድ ጧት 2 ሰዓት

አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ዝናቡ ቆሟል። ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ጫማዬን ሰሎሜ ጠርጋልኛለች።

የምናገረውን ጽፌ ላንብበው ብዬ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። በሁሉም ውስጥ ለራሴ ሳዝን ራሴን አገኘሁት። መበለት ነበርኩ፣ ወጣት ነበርኩ፣ አላወቅኩም። እውነት ነው፣ ግን የዛሬው የእኔ ቀን አይደለም። ቀደድኩት።

ዘውዱ መምጣት አይችልም። የሺ ትመጣለች፣ ልጁም። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ቢሉኝ አይደለሁም እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እርግጠኛ ነኝ ብያችኋለሁ፣ ስሕተቴ እሱ ነው እላለሁ።

ሰሎሜ ከበሩ ላይ ትጠራኛለች። ባቡሩ ሳይጨናነቅ እንድረስ ነው የምትለው።

ከሁሉ በፊት ስሙን እጠራለሁ። ዘውዱ ወርዶ ነበር እላለሁ። ሁለት ጊዜ ወርዶ ነበር፣ እኔ ነኝ አልወረደም ያልኩት።