የጭሴ ዘበኞች

ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ ትንሹ ልጅህ፣ ነገር የማያልቅባት አማትህም ጭምር ደህና ናቸው? እኔ ከብርዱና ከሰዉ በቀር የሚያመኝ የለም።

ነርሷ ልጅህ እዚህ ሰሜን ጫፍ ባለው ጤና ጣቢያ እንደተመደበች ጽፈህ፣ አገሩና ሰዉ እንዴት ነው፣ ልላካት ወይስ ላስቀራት ብለህ ጠይቀኸኛል። ያየሁትን እነግርሃለሁ፤ አላሳምርልህም።

አገሩ ድንጋይና ንፋስ ነው። ሐይቁ ግማሽ ዓመት በረዶ ሆኖ ይከርማል። ተራራውን ደመና ስለማይለቀው ጫፉን አየሁ የሚልህ ሰው ውሸታም ነው። የሰዎቹ አያቶች መዳብ ሊቆፍሩ ከየአገሩ ተለቃቅመው የመጡ ናቸው። መዳቡ አለቀ፣ ባለቤቶቹ ሄዱ፣ እነዚህ ቀሩ። ለምን ቀራችሁ ብትላቸው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ምክንያቱን የሚደብቅ ሰው ደግሞ እኔ አላምንም።

የባሰችብኝ ፊት ለፊቴ ያለችው ባልቴት ናት። ጉጉት ብያታለሁ። በየማለዳው ደጇ ላይ ቆማ ጣሪያዬን ታያለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ አይታ ትገባለች። እንደ እኔ ያለ የውሃ ፓምፕ ጠግኖ አዳሪ ምን አለውና? ቤቴን ለልጇ ተመኝታ የምሞትበትን ቀን የምትጠብቅ መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት እልህ ያዘኝ። ዛሬስ ከጣሪያዬ ላይ ጭስ እንኳ አታይም ብዬ፣ ምድጃዬን ሳላነድድ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ረፈድ ሲል የቤቴ በር ተገንጥሎ ወደቀ! የመንደሩ አናጢ ድጅኖ ይዞ፣ ከኋላው ጉጉት፣ ከእሷ ኋላ ግማሽ መንደር። እኔም መፍቻዬን አነሳሁ። ሴትዮዋ ግን ገላምጣኝ፣ "አሉ እንዴ? ታዲያ እሳት ማንደድ ምን ገደለዎት!" ብላ ጮኸችብኝ።

አናጢው በሩን ሲገጥም ነገረኝ። ቁፋሮው በተዘጋበት ዓመት አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ በብርድ አልቆ፣ የታወቀው በረዶው ሲቀልጥ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የፊት ለፊቱን ቤት ጭስ ሳያይ ቁርስ አይቀምስም። ለምን አልነገራችሁኝም ስለው፣ "ይሄም ይነገራል እንዴ፣ አባባ?" አለኝ።

እውነት ይመስላል። ሆኖም በሬን አጣሞ የገጠመ ሰው ነውና ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ጉጉትም አሁንም ሰላም አትለኝም፤ እኔም አልላትም። ትናንት ግን የእሷ ጭስ ዘገየብኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ መስኮት ላይ ቆምኩ። መፍቻዬን ይዤ መንገዱን ልሻገር ስል ጣሪያዋ ጨሰ። ተናድጄ ተመለስኩ።

ልጅቷን ላካት።

ባለቤትህን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጥልኝ። አማትህንም እኔ እስክመጣ ትንሽ ወሬ ታስቀርልኝ በላት። ለነርሷ ልጄ፣ ደህና ቁልፍ ይዘሽ ነይ በልልኝ፤ እዚህ ሰው ዝም ብሎ አይታመንም። የሚሰጧት ክፍል ጣሪያ ከመስኮቴ ይታያል። ማለዳ እሳቷን ቶሎ ታንድድ። አለዚያ በሯን የምገነጥለው እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድምህ
ሰሜን ጫፍ፣ ከሐይቁ ዳር
ጥር ፲፱ ቀን