ያልጾምኩት ጽጌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ውሃው አይደለም። ዶክተሯ እንደዛ አለች። ሦስት ወር ሙሉ የሰሚትን የጉድጓድ ውሃ ስረግም ከርሜ፣ ፀጉሬን በታሸገ ውሃ እስከ መታጠብ ደርሼ ነበር። እኛ ኮንዶሚኒየም ፀጉሩ የሚረግፍ ሁሉ ውሃውን ነው የሚከሰው። ለካ ደም ማነስ ነው። ፀጉሬ፣ የሚሰነጣጠቀው ቆዳዬ፣ ከክረምት ወዲህ ሦስቴ የተመላለሰብኝ ጉንፋን፣ ሁሉም ከምግብ ጋር ይያያዛል አለችኝ።

"ምን ትበያለሽ?" ስትለኝ "ሁሉንም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ትናንት ማታስ? ዳቦ በሻይ። ከትናንት ወዲያስ? ዳቦ በሻይ። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች።

የጻፈችልኝ፦ ክኒን ጠዋት ጠዋት። ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሲገኝ ሥጋ ወይም ዓሣ። ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ሎሚ። ሻይ ምግብ ላይ ወዲያው አይጠጣም። ምሳ አይዘለልም። የመጨረሻዋን ሁለቴ አስምራባታለች።

ችግሩ ያለው ምሳው ላይ ነው። ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ምሳዬን የምትቋጥርልኝ እህቴ ትዕግስት ነበረች። ከፋሲካ በኋላ አገባች፣ ሰኔ ላይ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ገባች። ቢሮ ደግሞ ማንም የራሱን ምሳ ለብቻው አይበላም፤ የሁሉም ምሳ ዕቃ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ባዶ እጄን መቅረብ አፈርኩ። ብቀርብ ማንም ምንም አይለኝም ነበር፣ አውቃለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ነኝ" አልኩና ወጣሁ። የሰኔ ጾም ነበር፣ አመኑኝ። እሱ ሲፈታ ስእለት አለብኝ አልኩ። ከዚያ ፍልሰታ ደረሰልኝ። መስከረምን እንዴት እንዳለፍኩት እግዜር ይወቀው። አሁን ጽጌ ነው። ጽጌን የሚጾመው ጥቂት ሰው ስለሆነ ጭራሽ ስሜ ገነነ።

በምሳ ሰዓት ቢሯችን አጠገብ ያለው ባንክ እገባለሁ። ቁጥር ወስጄ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ተራዬ ሊደርስ ሲል እወጣለሁ። ጥበቃው አሁን አሁን ሰላም ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሁለት እንቁላል ቀቅዬ በቦርሳዬ ይዤ ቢሮ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት የአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አንዱን ላጥኩ። ከላይ ኮቴ ስሰማ አስኳሉን እንዳለ ዋጥኩት። ትን አለኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ኮቴው አልፎ ሄደ። በሠላሳ አራት ዓመቴ እንቁላል ተደብቄ በላሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ግን አልሳቅሁም።

ከሥራ ስወጣ መገናኛ ወርጄ ምስር፣ ሁለት እስር ጎመንና ብርቱካን ገዛሁ። ምስሩን ሠራሁት። ለሁለት ሰው የሚሆን ነው የወጣልኝ፤ ለአንድ ሰው መለካት አልችልበትም። ሦስት ጉርሻ በልቼ እጄን ሰበሰብኩ። ሆዴ እምቢ አላለም። እጄ ነው እምቢ ያለው። ድምፅ እንዲኖር ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ተውኩት።

ትዕግስት ደውላ ነበር። ምስር ሠርቼ በላሁ ስላት "ጎበዝ!" አለችኝ። ስለ ፀጉሬ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

እትዬ አስካለ ከፈቃድ ተመለሱ። መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት፣ ምሳ ላይ ትሪውን የሚያሰናዱትም እሳቸው ናቸው። ፈቃድ ሊወጡ ሲሉ ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላቸው ሲነግሩኝ "አንቺ ጿሚ ነሽ፣ በጸሎትሽ አስቢልኝ" ብለውኝ ነበር። እሺ ብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላሰብኳቸውም።

ጠዋት ገና ሳልቀመጥ መጥተው አቀፉኝ። "ተሳክቶ ወጣልኝ፣ ቤት ገብቷል። ያንቺ ጾም ነው ልጄ! እኔ ሆዴን መቻል አልሆነልኝም፣ አንቺ ግን ቻልሽልኝ" አሉ። ትከሻዬን ሳሙኝ። ሻሼ ሸርተት ብሎ ግንባሬ ላይ የሳሳውን ፀጉር አዩት። "ጾሙ ጎዳሽ አይደል" ብለው መልሰው ሸፈኑልኝ።

ምን ልበል? "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳሁ። አዲስ ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት አበሰልኩ። ምሳ ዕቃውን ከቁም ሳጥኑ በላይ ካለው ካርቶን አወጣሁት። ክዳኑ የታፈነ ሽታ ነበረው፣ ሁለቴ አጠብኩት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ወደ ምግብ ክፍሉ ሄዱ። እኔም ተነሳሁ፣ ኮሪደሩ ድረስ ሄድኩ። የእትዬ አስካለ ሳቅ ይሰማል። ለአራት ወር ውሸት የሚሆን መግቢያ ቃል አጣሁና ባንክ ቤት ሄድኩ። ቁጥር ወሰድኩ። ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ትንሽ ሞቅ እንዳለ ነበር። እንዳለ ይዤው ተመለስኩ፣ እንዳለ ሰሚት ገባ።

ከሰው ጋር መብላት ናፈቀኝ። ሌላ ምንም አይደለም፣ እሱ ነው የናፈቀኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ነገርኳቸው።

የትናንቱን ወጥ አሙቄ፣ ጎመን ጨምሬበት ነው የሄድኩት። ምግብ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። እትዬ አስካለ ምሳ ዕቃዬን ሲያዩ "ውይ፣ ጾሙን ተውሽ እንዴ?" አሉ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ፈጥኜ፣ "ጾም አልነበረም እትዬ። ከሰኔ ጀምሮ። የማመጣው ስላልነበረኝ አፍሬ ነው። ለጋሼም አልጸለይኩም። ይቅር ይበሉኝ።"

አንደኛዋ ስልኳን አየች። እትዬ አስካለ እጃቸው እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ታዲያ በምሳ ሰዓት የት ነበር የምትሄጂው?"

"ባንክ ቤት። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ።"

"አራት ወር?"

"አራት ወር።"

ዞሬ ልወጣ ስል እትዬ አስካለ ምሳ ዕቃዬን ከእጄ ወሰዱት። ከፍተው ትሪው ላይ ገለበጡት፣ ምስሩን መሃል፣ ጎመኑን ዳር። ወንበር አልሳቡልኝም፣ ፈገግም አላሉም። ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከእኔ ምስር በእንጀራ ጠቅሰው ቀመሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ።

"ጨው አንሶታል" አሉ ወደኔ ሳያዩ። "ሰኞ ጨመር አድርጊበት።"

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ወሬ ተጀመረ። እኔም በላሁ። ምን ያህል እንደበላሁ አላውቅም፣ ትሪው ግን ባዶ ነበር።

ተቀይመውኛል፣ አልተቀየሙኝም፣ መለየት አልቻልኩም። ሲወጡ ቻው እንኳ አላሉኝም። ግን ሰኞ ነው ያሉት።