እኔ የመረጥኩት ዳኛ

ጳጉሜ 4፣ 2011
ሙቀቱ አይጣል ነው። ሱዳን፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አሠሪዬ ሉጥፊያ ቤት፣ ምሳ ሠርቼ ሳነሣ ለምለም ልጇን አዝላ መጣች። ከንፈሯ አብጧል። ባሏ ያረጋል ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል... የእኛ የሐበሾች ማኅበር ለዳኝነት ያስቀመጣቸው ሦስት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዳ ነበር። "ባልሽ ነው፣ ቻይው" ብለው መለሷት። ቻይው! ሦስቱንም የሾማቸው የማኅበሩ ሰብሳቢ። ያረጋል ደግሞ የሰብሳቢው ሹፌር። ታዲያ ለማን ሊፈርዱ ኖሯል?

መስከረም 1፣ 2012
እንቁጣጣሽ በሰልፍ ዋለ። ሱዳኖቹ አዲስ ዋና ዳኛ ይሾምልን ብለው ወጥተዋል። መንገድ ተዘግቶ ረክሻው፣ ያው ባጃጁ፣ ዐማራት ሰፈር ላይ ጣለኝ። ሉጥፊያ ጠበቃ ናት፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻ ገባች።
"ለምን ራሳችሁ አትመርጡም?" አልኳት።
"ዳኛ አይመረጥም፣ ወይንሸት። የመረጠውን ይፈራል።"
"የተሾመውስ የሾመውን አይፈራም?"
"ይፈራል" አለች። ሳቅን።

መስከረም 2
ማኅበሩ ተሰበሰበ። አብዮቱ ለእኛም ተረፈ። ወጣቶቹ "ዳኞቻችንን ራሳችን እንምረጥ" አሉ። እኔም ተነሥቼ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ፈርቶ እሺ አለ። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጫማ የሚሸጠው ንጋቱ ለዳኝነት ይወዳደራል። አንደበቱ ማር። "ሚስቱን የሚመታ ሰው እኔ ፊት ቀና ብሎ አይቆምም!" ሲል ለምለም አለቀሰች።

መስከረም 9
ንጋቱ አሸነፈ! ቤት ለቤት ዞሬ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። እግሬ አለቀ። ምን አለበት።

መስከረም 23
እንዴት ብዬ ልጻፈው...
ችሎቱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ያረጋል የሱቅ ዐረቢ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ንጋቱን የመረጡት እነሱ ናቸው። ለምለም ያላት እኔን ብቻ። "ልጄን ይዤ ልለየው" አለች። ያረጋል "ልጄን አገር ቤት ለእናቴ እልካታለሁ" አለ። ንጋቱ ለምለምን ቀና ብሎ አላያትም። ሰዉን ነው የሚያየው። ከኋላ አንዱ "አባትየው ይውሰዳት!" ብሎ ጮኸ። አጨበጨቡ። በቃ።
"ሕዝቡ የወሰነውን እኔ አልሽርም። ልጅቱ እሑድ ለአባቷ ትሰጥ።"
ይሄ መፍረድ ነው? ጭብጨባ ማዳመጥ እንጂ!
ንጋቱን በር ላይ ያዝኩት። "ያን ቀን ምን ብለህ ነበር?"
"እኅቴ፣ እኔ እኮ ነገም ከእነሱ ጋር ነው የምውለው።"
ትቼው ለምለምን ይዤ ሄድኩ። እነዚያ ሽማግሌዎች የሚፈሩት አንድ ሰው ነበር። ይሄኛው ስንቱን!

መስከረም 25
ልጅቷን አልሰጠንም። ሉጥፊያ ጧት "ያላ፣ ልብሳችሁን ያዙ" ብላ ለምለምንና ልጇን በመኪናዋ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። እኔ ክፍል ገቡ። ከሰዓት ያረጋል ከነጓደኞቹ መጥቶ በሩን ይደበድብ ጀመር። ሉጥፊያ ራሷ ከፈተች።
"የእናንተ ችሎት እዚህ አይሠራም። ፍርድ ቤት ሂድና ክሰስ። እዚያ እጠብቅሃለሁ።"
እየተሳደቡ ሄዱ። ልጅቷ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። እናቷም አብራት ገባች።

መስከረም 29
ለሱዳኖቹ ዋና ዳኛ ተሾመላቸው። ሴት! ሉጥፊያ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ... አላውቅም። እሷስ ማንን ትፈራ ይሆን? አሁን የማንም ሹመት ደስ አይለኝም።

ጥቅምት 7
ቤተ ክርስቲያን ሰላም ያለኝ የለም። ንጋቱ ብቻ ሳቅ ብሎ መጣ።
"ወይንዬ፣ ችሎቱ ውስጥ ሴት ትግባ ተባለ። አንቺን አሰብን።"
"ልትመርጡኝ ነው?"
"ምርጫ ምን ያደርጋል? እኔ እሾምሻለሁ።"
ያ ሁሉ "ራሳችን እንምረጥ"...
"የለምለምን ጉዳይ እንደገና ታየዋለህ?" አልኩት።
"እሱ አልቋል። አንቺ ዝም ብለሽ ቁጭ በይልን፣ ሴት አለቻቸው እንድንባል።"
ባለፈው ወር ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ዛሬ ፊቱን ማየት አስጠላኝ። "አንተ በተቀመጥክበት አልቀመጥም" ብዬው ወጣሁ።
ያረጋል "ልጄን ትስጠኝ" ብሎ ከሷል። ማክሰኞ ፍርድ ቤት እንቀርባለን። የለምለም ምስክር እኔ ነኝ። "ዳኛው እንዴት ያለ ሰው ነው?" ብዬ ሉጥፊያን ጠየቅኳት። "አላውቀውም" አለች። ዐረብኛዬም ይሰናከላል። ይሁን። ያየሁትን እናገራለሁ። አጨብጫቢ ይዤ አልሄድም።