የቶርኖ ባለሙያው እንግዳችን

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሦስተኛ ክ/ጊዜ፣ 9ኛ ቢ። ቀላል ማሽኖች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛና በኦሮምኛ። ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። በከራ ምን ይጠቅማል ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ፣ ፈተና ላይ ይመጣል አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ በኋላ ግን ከፋኝ።

ም/ርዕሰ መምህሩ ስለ መካኒክነት ሥራ የሚያወራ እንግዳ አምጪ ብሎኛል። ቶሌራን አሰብኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው። እዚሁ ቡራዩ ተምሮ ሰበታ አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ገባ። የቶርኖ ባለሙያ፤ ብረት በማሽን እያሽከረከረ የሚቀርጽ። ደወልኩለት። እሺ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መጣ። ቱታውን ለብሶ፣ ታጥቦ የተተኮሰ። ማስታወሻዬ፣ ብታየው!

ልጆቹን ወደ ግቢ አወጣቸው። ውኃ የሞላው በርሜል ሥር ረጅም ብረት አስገባ፣ ድንጋይ አስደገፈው፣ ፈቲያን ጠራት። ፈቲያ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው የጋሽ ከማል ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ብረቱ ጫፍ ላይ ተጫነች፤ በርሜሉ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። ለቀቀችው። ማንም ሳይጠይቃት ደግማ አነሳችው።

ከዚያ ጠየቀችው፦ ሴት ቶርኖ ላይ ትሠራለች? አጠገቤ የምትሠራው ሴት ናት አላት። ፊቷ በራ።

መምህር በመሆኔ ደስ ያለኝ ቀን። ይጻፍልኝ።

ያው ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

ከላይ ያለውን በምሳ ሰዓት ነው የጻፍኩት።

እስከ ታክሲው ሸኘሁት። እዚያ ነገረኝ። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ከቆመ ቆይቷል። ሠራተኛው ተበትኗል። ያወራልን ሁሉ የድሮ ነው። ደላላ አግኝቷል፤ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ነው።

ታዲያ ለምን መጣህ አልኩት። «ቱታውን መልበስ አምሮኝ ነው፣ ቲቸር።»

ለመንኩት። እናቱን አነሳሁበት። «እሺ፣ ልቅር። ቀርቼ ምን ልሥራ?» አለኝ። ለልጆቹ እንዳልነግር አደራ ብሎኝ ተሳፈረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ፈቲያ እረፍት ላይ ተከተለችኝ። ቴክኒክ ኮሌጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሪዎች የማሽን ሥልጠና ይሰጣል፤ መመዝገብ ትፈልጋለች። ቅዳሜ ግን ገበያ ነው፣ ሱቁ ያለ እሷ አይሆንም። አባቷ፣ መምህርሽን ላናግር ብለዋታል። ደስ እንዳላት ታወራለች። እኔ እግሬን አያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጋሽ ከማል መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። ፈቲያ በሩ ላይ ቆማለች።

«የሚያዋጣት ከሆነ ሱቁን እኔ እንደምንም እችለዋለሁ» አሉኝ። «ያ የመጣው ልጅ ግን ዛሬም ይሠራል? አንቺ ያልሽኝን ነው የማምነው።»

ይሠራል ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት።

«ፋብሪካው ቆሟል» አልኩ። «ሙያው ግን...» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። ምን ብዬ ልጨርሰው?

አልተቆጡም። ስለ እውነቱ አመሰገኑኝ። የባሰብኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ሱቅ ትውላለች።

አባቷ ከወጡ በኋላ ፈቲያ ቀረብ ብላ «ቲቸር፣ ሲያወራልን ያውቁ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም ነበር አልኳት። እውነት ነው። ያመነችኝ አይመስለኝም። አምስተኛ ክ/ጊዜ ላይ የኋላ ወንበር ተቀመጠች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የቶሌራ ስልክ ዝግ ነው። ትናንትም ዝግ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ገፈርሳ እናቱ ጋ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ ከደጅ «አካም ጅርታ» ብለው ተቀበሉኝ። እርጎ ሰጡኝ። ሰበታ ሥራ በዝቶበት እዚያው እያደረ ነው አሉኝ። ፋብሪካው ልጄን ወዶታል፣ አይለቀውም ብለው ሳቁ። እርጎውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ለጋሽ ከማል የተናገረ አፌ ለእሳቸው እምቢ አለ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ም/ርዕሰ መምህሩ ያንኑ እንግዳ ለ9ኛ ኤ እና ለ9ኛ ሲ ክፍሎችም ጥሪልን አለኝ። ጥሩ ሪፖርት ሆኖለታል። አይመጣም አልኩ። ሌላ ሰውስ? ማንንም አልጠራም አልኩት። ለምን ሲለኝ ደክሞኛል አልኩ። ውሸት አይደለም።

የት/ቤቱ ጸሐፊ በሞያሌ በኩል የወጣ የአክስቷን ልጅ ታሪክ ነገረችኝ። ገንዘብ አምጡ ብሎ መጀመሪያ የሚደውለው ደላላው ነው አለች፤ የሚደውለውም ለእናት ነው።

ነገ ጠዋት ገፈርሳ እመለሳለሁ። ለአዴ ጫልቱ እኔ እነግራቸዋለሁ። በምን ቋንቋ እንደምጀምር እንኳ አላውቅም። ግን ከደላላው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።