የአክስቴ የኦዴል በር

ውድ ቨርኒስ፣

እዚህ ቻርልስተን የበረንዳው በር ከተከፈተ «ግቡ»፣ ከተዘጋ «ዛሬ እንግዳ አልቀበልም» ማለት ነው፤ እኛ ሳቫና ከተማ እናንኳኳለን፣ እዚህ ግን አይንኳኳም። የአክስቴን የኦዴልን አሮጌ በር የቅርስ ጠጋኞች አሳምረው አደሱላት፤ ግን በዝናብ አብጦ አልከፈት አለ። እሷ በጓሮ ስትወጣ ስትገባ፣ ሰዉ የዘጋችበት መስሎት ቀረ። ስደርስ «ሰፈሩ ረሳኝ» ብላ ታለቅሳለች። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ በረገድኩት። ጎረቤቷ ክሌመንት የሽሪምፕ ወጥ ድስቱን ይዞ ከተፍ!

«ምነው እማማ፣ ምን አጥፍተን ነው የዘጉብን?»

«የቀራችሁብኝስ እናንተ!»

አሁን በሩን በጡብ አስደግፋ ከፍታዋለች። ጠጋኙ መጥቶ «እማማ፣ ጡቡ ቅርሱን ይቧጭረዋል» ቢላት፣ «ቅርሱ መከፈቱ ነው፣ ልጄ!» አለችው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ በርሽን ክፈቺው፣ አላንኳኳም።

ያንቺዋ ሮዜታ