የጓሮው የመስታወት ቤት

ዲላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኃይለኢየሱስ። በሰው አገር በሄድክበት ሁሉ እግዚአብሔር ደግ ሰው ያገናኝህ። እኔና እህትህ አትጠገብ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ።

ጾሙ እንደ ገባ አጎትህ ሽብሩ አናጢ ይዞ መጣ። ለቲማቲም የሠራህልኝን የመስታወት ቤት አፍርሶ የሚከራይ ክፍል ሊያቆም ነው።

«ጣሪያው ያፈሳል። ችግኙ ቀን በሙቀት ይጠወልጋል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል። ልጅሽም ይፍረስ ብሎ ጽፎልኛል» አለኝ።

በርጩማዬን አምጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። «መጀመሪያ እኔን አንሳኝ» አልኩት። አናጢው አፍሮ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

በማግስቱ ከመንገድ ሠራተኞች ሬንጅ ለምኜ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ላይ ወጥቼ የመስታወቱን ጠርዝ ሁሉ ደፈንኩ። ቀትር ላይ በሩን እከፍትና ጣሪያውን የእንሰት ቅጠል አለብሰዋለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዘጋዋለሁ። ውስጡ ውኃ የሞላሁባቸው ሁለት በርሜሎች አሉ፤ ቀን የሞቀው ውኃ ሌሊት ብርዱን ይሰብረዋል።

ሰሞኑን ዝናቡ የሰፈሩን ቲማቲም ሁሉ አበሰበሰው። የእኔ ግን ቀላ። አንዱን ለአጎትህ ሰጠሁት፤ በልቶ እጁን ወደ ሁለተኛው ዘረጋ።

ይፍረስ ያልከው ለድካሜ አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ልጄ። እኔ ግን አልደከመኝም። ለአጎትህ የጻፍከውን በራስህ እጅ እንድትሽረው እለምንሃለሁ። በሰላም ገብተህ ፍሬውን ለመብላት ያብቃህ።

ባትጽፍለትም ቤቱ አይፈርስም።

እናትህ አሰገደች