የእማዬ አራት ጥርሶች

እማዬ ዛሬ ጠዋት ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተነስታ ጠፋች። ቀልድ እንዳይመስልሽ። የማደንዘዣ መርፌውን ተወግታ፣ ደረቷ ላይ ያሰሩላትን ወረቀት እንኳ ሳትፈታ፣ ሐኪሟ ዕቃ ልታመጣ ዞር ስትል ቦርሳዋን ብድግ አድርጋ ወጣች። እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሐኪሟ መንቀያውን በእጇ ይዛ "እናትዎ የታሉ?" ትለኛለች። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ያገኘኋት ፌርማታው ላይ ነው። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እሷ የምትወርድበትን ለሹፌሩ ልትነግረው ትታገላለች፤ ግማሽ ከንፈሯ ደንዝዞ ቃሉ እሺ አላላትም፣ ምራቋ በአገጯ ይወርዳል። ደግነቱ ሹፌሩ ያውቀኛል፣ መኪናው እኛ ጋራዥ ነው የሚያድረው። በመስኮት ብቅ ብሎ "እናትህ መሆናቸው በአፍንጫቸው ገባኝ፤ የት እንደሚወርዱ ግን እንጃ" አለኝ። እሷ እኔን ስታይ ጣቷን ቀሰረችና፣ በዚያ በተጣመመ አፏ፣ "ከበዓል በኋላ" አለች። እሱን ብቻ ጥርት አድርጋ አወጣችው።

ይኸው፣ ሰላም ሳልልሽ ወሬ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። እህት ዓለም፣ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተወት አደረገሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይይዝሻል? አሠሪዎችሽስ ደህና ናቸው? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ስጠይቅሽ "ደህና ነኝ" አልሽኝ። እኔም "ሁላችንም ደህና ነን" አልኩሽ። አሁን ሳስበው ሁለታችንም የእማዬ ልጆች ነን። እኛ ቤት ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ "ዛሬ ትንሽ ሞቆናል" ነው የምንለው። ዛሬ ግን ልነግርሽ ነው። በስልክ ያላደረግኩት ስለማውቅሽ ነው፤ ታለቅሻለሽ፣ እማዬ ደግሞ ከአጠገቤ አትጠፋም፣ ትሰማሻለች። ጎረቤታችን አስተማሪው ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ይበራል፣ ደብዳቤውን በእጅሽ ይሰጥሻል።

ፎቶ በላክሁልሽ ቁጥር "እማዬ ለምን ትኮሳተራለች? ያስቀየምኳት ነገር አለ?" እያልሽ ትጠይቂኛለሽ። አንቺን ተቀይማ አይደለም። አፏን ገጥማ ነው። ከላይ የቀሯት አራት ጥርሶች ናቸው፣ እነሱም የፊተኞቹ፣ ልብስ ስትሰፋ ክር ስትበጥስባቸው የኖረችው። የኋለኞቹ አንድ በአንድ አልቀዋል። አንዳንዱን ራሷ ነቅላ ሳትነግረን ቀርታለች። መጀመሪያ የነቃችው ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን መስኮቱን ስትወለውል የዳቦ ቅርፊት ክምር አገኘች። ለካ እማዬ የዳቦውን ለስላሳ ውስጡን ሻይ ውስጥ እየነከረች በልታ፣ ቅርፊቱን በመሐረብ ጠቅልላ ለርግቦች ስታድል ኖራለች። ባለቤቴ ጠርታ አሳየችኝና "እኔ እኮ የሰፈሩ ርግብ ሁሉ እኛ መስኮት ላይ ምን በልቶ እንደሚወፍር ሲገርመኝ ነበር" አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ጉንጯ አበጠ። በሻሽ አሠረችውና "ብርድ ነው" አለች። ማታ ሲያንቀጠቅጣት ግን ብርድ አለመሆኑ ገባኝ። በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። ከጥርሶቹ ሥር መግል ይዟል፣ እንደ እሷ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላይ ይኼ መግል ወደ ደም ከገባ ነገሩ የጥርስ መሆኑ ይቀራል አለችኝ። የሰጠቻት ኪኒን እብጠቱን አስታገሠ እንጂ ሥሩን አይነካውም። አራቱም ይነቀሉ፣ ድዱ ይዳን፣ ከዚያ ሰው ሠራሽ ይሠራላቸዋል ነው የምትለው። "እንደተነቀለ ወዲያው የሚገባ የለም ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት። መግል ባለበት አይሆንም፣ ሁለት ወር ግድም መጠበቅ አለባችሁ አለች። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች፣ የምትመለሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሌላ ሐኪም ብላት እማዬ ወይ ፍንክች።

እንግዲህ ሒሳቡን አንቺው አስቢው። የምትመጪው ለበዓሉ ነው፣ ፈቃድሽ ሦስት ሳምንት ነው፣ አዲሱ ጥርስ የሚገባው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። የምታገኚው ባዶ ድድ ነው። እማዬ ይኼን ከሐኪሟ አፍ ከሰማች ጀምሮ ሌላ ነገር አትሰማም። "ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ልጄን በባዶ ድድ ልቀበላት? ስትሄድ ጥርስ ነበረኝ፣ ስትመጣም ይኑረኝ። ተመልሳ ስትሄድ እንኳን ጥርሱን መንጋጋዬንም ውሰዱት" ትለኛለች። እብጠቱ ጎደል ስላለ ድኛለሁ ባይ ናት። ዛሬ ጠዋት እሺ ያለችኝም ለማስመሰል ኖሯል። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ የሐኪሟ መስታወት እጇ ገብቶ ነው መሰለኝ፤ ሐኪሟ "ፊታቸውን አይተው ነው የተነሱት" አለችኝ።

ሥራ ላይም ልብ የለኝም። በዓል ሲቃረብ አውቶቡስ ሁሉ ፍሬኔን ይላል፤ መካኒኮቹ የመለዋወጫ ስቶሩ መስኮት ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ብሎን ሳይቀር ስለምመዘግብ "አቶ ዝርዝር" ነው የሚሉኝ፣ ነግሬሽ ነበር። ዛሬ እማዬን ቤት አድርሼ ከሰዓት ስገባ አንዱ የፍሬን ሸራ ሲጠይቀኝ የጎን መስታወት አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና "አቶ ዝርዝር፣ በዚህ ፊቴን እያየሁ ልቁም?" አለኝ። መስታወቱን ተቀብዬ ሸራውን ሰጠሁት። ኃላፊያችንም ከዛሬ ወዲህ ለበዓል ካልሆነ ፈቃድ የለም ብሏል፤ ሐኪሟ ሳትሄድ እንደገና ልሞክር ብዬ ብለምነው ለነገ ጠዋት በመከራ ነው የለቀቀኝ።

ማታ ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ወረቀት አወጣሁና ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል "አሁን"፣ በሌላው "በኋላ" አልኩ። በኋላ በሚለው ሥር የማይጻፍ ነገር የለም። እሷ ደስ ይላታል። አንቺ ስትገቢ ስቃ ትቀበልሻለች። አብራችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። እብጠቱ ጎድሏል። ኪኒኑ ምናልባት ያደርሳታል። እኔም ከኃላፊዬ ጋር አልጣላም። ወረቀቱ ሞላ። አሁን በሚለው ሥር ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ ደሟ ውስጥ ቢገባስ? ደጋግሜ አየሁት። ያ የሞላው ሁሉ በሚዛን ቢቀመጥ ይቺን አንዷን አላነሳልኝም።

ከዚያ ሦስተኛ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። አንቺን "ጉዞሽን ለሁለት ወር አስተላልፊው" ልልሽ ጀምሬ ነበር። አሠሪዎችሽ ከበዓል ውጭ ፈቃድ እንደማይሰጡሽ እያወቅኩ። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አንብባ "እናንተ ቤት ሁሉም ነገር ከበዓል በኋላ ነው? ልጅቷ ላይ ልትጥለው ነው?" አለችኝ። ያን ደብዳቤ ቀደድኩትና ይቺን እንደ አዲስ ጀመርኩ። እውነቷን ነው። ፈርቼ ነው እህቴ። አስነቅዬባት ሐዘኑ ቢጎዳትም እኔ ነኝ፣ አስተላልፌው አንድ ነገር ብትሆንም እኔ ነኝ።

እስከዚህ ጽፌ ሳለሁ እማዬ መጣች። ማደንዘዣው ለቋት ሕመሙ ተመልሷል፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋለች። "ለማን ነው?" አለችኝ። ብዋሽም አይሆንልኝ፣ ፊቴ ያስታውቃል።

"ለእሷ ነው" አልኳት።

"ነገርካት?"

"ነገርኳት።"

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብላ "ስለ ርግቦቹም?" አለች።

"ስለ ርግቦቹም።"

ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችው። ልጅ ሆኜ ስታኮርፈኝ እንደነበረው ሆድ ባሰኝ። ባለቤቴ ገብታ ልታባብላት ብትሞክር "ተዪኝ" ብላ መለሰቻት። ብዙ ቆይታ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። "ካወቀች ከማን ነው የምደብቀው? ነገ ውሰደኝ። አንተን ግን አላናግርህም" አለች። ግንባሯን ልዳስስ ስጠጋ እጄን ገፋችው፤ የነካኋት ለአፍታ ነው፣ ግን ይፋጃል። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። "ማልዳችሁ ኑ፣ በባዶ ወንበር አልቀርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አለችና፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ትኩሳቱ ሌሊት ከጨመረ እኔን አትጠብቁኝ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷቸው" አለችኝ። ባለቤቴ እማዬ አጠገብ ልትተኛ ፍራሽ አንጥፋለች።

አላናግርህም ያለችኝ እናትሽ አሁን ከአልጋዋ ሆና በባለቤቴ በኩል መልእክት ልካለች። "በላት፣ በር ላይ ቀድማ እሷ ትሳቅ። እሷ ካልሳቀች እኔ አፌን አልከፍትም።" እንዳለችው ጽፌዋለሁ። እባክሽ እህት ዓለም፣ በር ላይ እንዳታለቅሺ። ልቅሶሽን አውሮፕላኑ ውስጥ ጨርሺው። ነገ ስንመለስ ከሥራ ስልክ እደውልልሻለሁ። ደህና ከሆነች "ደህና ናት" እልሻለሁ፣ ካልሆነችም ያለውን እነግርሻለሁ። ከእንግዲህ በእኔ በኩል "ትንሽ ሞቆናል" የለም፤ አንቺም ያንን የጎረነነ ድምፅሽን ምን እንዳመጣው ንገሪኝ።

ባለቤቴ ጉንጭሽን ትስማለች፤ የምትተኚበትን ክፍል ከአሁኑ መጥረግ ጀምራለች። ትልቁ ልጄ ፈተናውን ጨርሷል፣ "አክስቴን እኔ ነኝ ከአውሮፕላን ጣቢያ የማመጣት" ይላል። ትንሿ የላክሽላት ጫማ ጠቧታል፣ አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትሄዳለች፤ እሷም በአያቷ ወጥታለች። አብራሽ ለምትኖረው ለነርሷ ጓደኛሽ ሰላም በይልኝ፣ ወገብሽን ስለምታሽልሽ አመስግኚልኝ። እማዬ ሰላምታዋን ከላይ ብላለች፣ ሌላ የለኝም ነው የምትለው። ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ
ከቤት፣ ሐሙስ ማታ፣ በዓሉ ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው

ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ የማስነቀያውን ከፍያለሁ። የአዲሶቹ ጥርሶች ገና አልተከፈለም።